የዘጠና ዘጠኝ ቀን ንጉሠ ነገሥት

የጀርመኑ ፍሬዴሪክ 3ኛ የጉሮሮ ሕመምና የሐኪሞቻቸው ክርክር

27 ዓመት ሙሉ በአልጋ ወራሽነት ሲጠብቁ ኖረው፣ ዘውዱ በደረሰላቸው ጊዜ ግን አንዲት ቃል እንኳ አሰምተው ለመናገር ያልቻሉ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። እኒህም የጀርመኑ ፍሬዴሪክ 3ኛ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ዙፋን ወርሰው የቆዩት 99 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በዚህም አጭር ዘመን ሐሳባቸውን ለሚኒስትሮቻቸው የሚያስታውቁት በአንደበታቸው ሳይሆን በትናንሽ ወረቀት ላይ እየጻፉ ነበር። ድምፃቸውን የነጠቃቸው የጉሮሮ በሽታ ነው። ይህም በሽታ ከመጀመሪያው አንሥቶ በሐኪሞች ዘንድ ታላቅ ክርክር ያስነሣ፣ ለብዙ ወራትም ክፉ አይደለም ተብሎ የታመነ ነበር።

ዛሬ የእኒህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የነገሥታትን ሞት ለማውሳት ብቻ ብለን አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣት ሹማምንት ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያገኙበታል ብለን ስለምናምን ነው። ይኸውም አልተገኘም ማለትና የለም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነበቡት ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ልደታቸውና ወጣትነታቸው

ፍሬዴሪክ የተወለዱት ኦክቶበር 18 ቀን 1831 ዓ.ም. ከበርሊን አጠገብ በምትገኘው በፖትስዳም ከተማ፣ አዲሱ ቤተ መንግሥት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። አባታቸው ኋላ የፕሩስያ ንጉሥ፣ ቀጥሎም የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ቪልሄልም 1ኛ ሲሆኑ፣ እናታቸው ከቫይማር መሳፍንት ቤት የተወለዱት ልዕልት አውጉስታ ነበሩ። በፕሩስያ የንጉሥ ቤተሰብ ወግ ወንድ ልጅ ሁሉ ወታደር መሆን ነበረበትና ፍሬዴሪክም ከልጅነታቸው ጀምረው የጦር ትምህርት ተማሩ። እናታቸው ግን ዕውቀት ወዳድ ስለ ነበሩ ልጃቸው በሰይፍ ብቻ እንዲያድጉ አልፈቀዱም። የጥንት ግሪክን ታሪክ በመመርመር ስማቸው የታወቀው ኤርንስት ኩርትዩስ አስተማሪያቸው ሆኑ። ከዚያም ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግና ታሪክ ተማሩ።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1858 ዓ.ም. የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን የበኵር ልጅ፣ በእናቷ ስም ቪክቶሪያ የምትባለውን ልዕልት፣ ለንደን ላይ አገቡ። ጋብቻው ሁለቱን መንግሥታት ለማቀራረብ የታሰበ ቢሆንም በእውነተኛ ፍቅር የጸና ነበር። ስምንት ልጆች ወለዱ፤ ከእነዚህም ሁለቱን ወንዶች ልጆች፣ ሲጊስሙንድንና ቫልደማርን፣ ገና በልጅነታቸው ሞት ወሰዳቸው። የልዕልቲቱ አባት ልዑል አልበርት፣ ጀርመን በሕገ መንግሥትና በሕዝብ ምክር ቤት የምትመራ አንድ አገር እንድትሆን ይመኙ ነበር። ይህ ሐሳብ በአማቻቸው ልብ ውስጥ ሥር ሰደደ።

በ1861 ዓ.ም. ቪልሄልም የፕሩስያን ዙፋን ሲወርሱ ፍሬዴሪክ አልጋ ወራሽ ሆኑ። በሚከተለው ዓመት ኦቶ ፎን ቢስማርክ የመንግሥቱን ሥራ ተረከቡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአልጋ ወራሹና የሚኒስትሩ መንገድ ለየቅል ሆነ። በጁን ወር 1863 ዓ.ም. መንግሥት የጋዜጦችን ነፃነት የሚያጠብ ድንጋጌ ባወጣ ጊዜ፣ ፍሬዴሪክ በዳንዚግ ከተማ በሕዝብ ፊት ቆመው ድንጋጌው ሲመከርበት እንዳልነበሩና በሐሳቡም እንዳልተባበሩ ገለጡ። አባታቸው እጅግ ተቈጡ፤ አልጋ ወራሹም ከመንግሥት ምክር እየራቁ እንዲኖሩ ሆነ።

ይሁን እንጂ በጦር ሜዳ ስማቸው ገናና ነበር። በ1866 ዓ.ም. ከአውስትሪያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጁላይ 3 ቀን በከኒግሬትስ ውጊያውን የቈረጠው እርሳቸው የሚመሩት ጦር በሰዓቱ መድረሱ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገውም ጦርነት በቬርት ድል አደረጉ፤ ወታደሮቹም የእኛ ፍሪትስ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ድል አድራጊ ይሁኑ እንጂ ደም መፋሰስን እንደሚጠሉ ከማስታወሻ ደብተራቸው ይታወቃል። ጃንዋሪ 18 ቀን 1871 ዓ.ም. በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሲታወጅ፣ እርሳቸው የአዲሲቱ አገር አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የጥበቃ ዘመን ነበር። የመንግሥት ሥራ ስላልተሰጣቸው ወደ ዕውቀትና ወደ ጥበብ ተመለሱ። የንጉሡ ቤተ መዘክሮች የበላይ ጠባቂ ሆነው አገለገሉ፤ አስተማሪያቸው ኩርትዩስ በግሪክ አገር በኦሊምፒያ የጥንት ፍርስራሽ ለማስቈፈር በተነሡ ጊዜም ብርቱ ደጋፊ ሆኑላቸው። በ1880 ዓ.ም. በበርሊን በአይሁድ ላይ የጥላቻ ቅስቀሳ በተነሣ ጊዜ፣ የማርሻልነት ልብሳቸውን ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ምኵራብ ሄዱ፤ በዚህም ከማን ጋር እንደሚቆሙ ለሕዝቡ አሳዩ። አባታቸው እያረጁ ሲሄዱ፣ ለውጥ የሚመኙ ጀርመኖች ሁሉ ዓይናቸውን በፍሬዴሪክ ላይ አሳረፉ።

የድምፅ መሻከር

በጃንዋሪ ወር 1887 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹ ድምፅ ሻከረ። በመጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ነገር ግን ሳምንታት ቢያልፉም አልለቀቃቸውም። ማርች 6 ቀን የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካርል ጌርሃርት በመስተዋት ጉሮሯቸውን ተመለከቱና በግራው የድምፅ አውታር ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ እባጭ አገኙ።

ከዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቆይተን ስለ ማንቁርት አሠራር መናገር ያስፈልገናል፤ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና። ማንቁርት የትንፋሽ ቧንቧ ራስ ነው። የተሠራውም ከልም አጥንት፣ ይኸውም እንደ ጆሮና እንደ አፍንጫ ጫፍ ሲጫኑት ጐንበስ ከሚለው ለስላሳ አጥንት ነው። ከእነዚህ ልም አጥንቶች ትልቁ በወንዶች አንገት ፊት ለፊት ወጣ ብሎ የሚታየውና ምራቅ ሲዋጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ነው። በውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች ተዘርግተው ይገኛሉ፤ ሲገጥሙና ሲርገበገቡ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሲከፈቱ ትንፋሽ ያሳልፋሉ። እነዚህን አውታሮች በሕያው ሰው ጉሮሮ ውስጥ በመስተዋት ለማየት መንገዱን ያሳዩት ማኑኤል ጋርሲያ የተባሉ ስፓኛዊ የዘፈን መምህር ሲሆኑ፣ በ1854 ዓ.ም. በትንሽ መስተዋትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ራሳቸውን አውታሮች ተመልክተዋል።

ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በላዩ ከተለበጠው ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሲቈስልና ሲመግል ልም አጥንቱ ምግብ አጥቶ ይሞታል፤ የሞተውም ክፍል እየተፈረፈረ ይወጣል፤ ዙሪያው ያብጣል፤ የድምፅ አውታሩም መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው በሽታም ወደ ውስጥ ዘልቆ ልም አጥንቱን ሲነካ የሚያሳየው ምልክት ይህንኑ ይመስላል። ስለዚህ ሐኪሙ እብጠቱን ቢያይ ሁለቱን በዓይን ለመለየት እጅግ ይቸገራል። ቦታው ቀደም ብሎ የተቈረጠ ወይም የተተኰሰ እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ጠባሳው፣ የቀዶ ጥገናው ቍስልና የበሽታው ሥራ አንድ ላይ ይደባለቃሉና። የፍሬዴሪክ ሕመም ይህ ሁሉ የተገናኘበት ነበር።

ፕሮፌሰር ጌርሃርት እባጯን በቀጭን ሽቦ ጠልፈው ለመቍረጥ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያም በኤሌክትሪክ የጋለ ሽቦ ወደ ጉሮሮ እያስገቡ በብዙ ቀኖች ተኰሱት። በኤፕሪል መጀመሪያ እባጯ የጠፋች መሰለች፤ አልጋ ወራሹም ኤምስ ወደሚባለው ፍል ውሃ ሄደው እንዲያርፉ ተደረገ። በሜይ ወር አጋማሽ ሲመለሱ ግን እባጯ ተመልሳ፣ ከቀድሞውም አድጋ ተገኘች፤ የግራው አውታርም እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ትቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ጌርሃርት ነቀርሳ ነው ብለው ጠረጠሩ። በቀዶ ጥገና የታወቁት ፕሮፌሰር ኤርንስት ፎን ቤርግማን ተጠርተው ያንኑ ሐሳብ አጸኑ፤ አንገትን ከፊት ለፊት ሰንጥቆ ማንቁርቱን በመክፈት እባጩን ከሥሩ ለማውጣት ቈረጡ። ቀኑም ለሜይ 21 ተወሰነ።

ከለንደን የመጡት ሐኪም

ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት ጀርመኖቹ ሐኪሞች ራሳቸው አንድ የጉሮሮ ሊቅ ተጨማሪ እንዲጠራ ተስማሙ። የተጠሩት እንግሊዛዊው ሞሬል ማኬንዚ ነበሩ። እኒህ ሰው ለንደን ላይ በ1863 ዓ.ም. የጉሮሮ በሽታ ሆስፒታል ያቋቋሙ፣ በዘመኑ በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የተጠራ ሐኪም ናቸው። ሜይ 20 ቀን በርሊን ደረሱና መርምረው፣ ነቀርሳ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ሳይረጋገጥ እንዲህ ያለ አደገኛ ቀዶ ጥገና መደረግ የለበትም አሉ።

ይህ አነጋገር በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። በዚያ ዘመን ማንቁርትን ከፍቶ መሥራት ብዙ ሕሙማንን ለሞት የሚያበቃ ሥራ ነበር። ማንቁርትን በሙሉ ስለ ነቀርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት የቪየናው ቴዎዶር ቢልሮት ሲሆኑ፣ ሥራውን የፈጸሙት በ1873 ዓ.ም. መጨረሻ ቀን ነው፤ ሕመምተኛውም በሚከተለው ዓመት በሽታው አገርሽቶበት ሞተ። እንግዲህ ማስረጃ ሳይዙ አልጋ ወራሽን በቢላዋ ሥር ማስተኛት ለማንም የሚያስፈራ ነገር ነበር።

ማኬንዚ በአፍ በኩል መቈንጠጫ አግብተው ከእባጩ ትንሽ ቍራጭ ወሰዱ። ቍራጩም ለሩዶልፍ ፊርኾ ተሰጠ። ፊርኾ በሽታን በማይክሮስኮፕ የመመርመርን ሙያ ከመሠረቱት ሊቃውንት ዋነኛው ስለ ነበሩ፣ ቃላቸው በመላው ዓለም እንደ ፍርድ የሚቈጠር ነበር። የመጀመሪያው ቍራጭ እጅግ ትንሽ ሆኖ ለፍርድ አልበቃም። ሁለተኛው በሜይ 23፣ ሦስተኛው በጁን 8 ተወሰደ። ጌርሃርት፣ ማኬንዚ ናሙና ሲወስዱ ጤነኛውን የቀኝ አውታር አቍስለዋል ብለው ከሰሱ፤ ማኬንዚም ካዱ። ፊርኾ ግን በተሰጧቸው ቍራጮች ውስጥ ነቀርሳ አላገኙም፤ ያገኙት እንደ ኪንታሮት ያለ የቆዳ መወፈር ነበር።

አንባቢዎቻችን በዚህ ላይ እንዲያስተውሉልን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ፊርኾ የጻፉት ሪፖርት ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ክፍል በእጃቸው የገባው ቍራጭ መልካም ተስፋ የሚሰጥ መሆኑን አስታወቁ። በሁለተኛው ክፍል ግን ይህ ፍርድ ለበሽታው ሁሉ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ከእነዚህ ቍራጮች ብቻ በርግጥ ለማወቅ እንደማይቻል ገለጡ። ሊቁ ያዩትን ተናገሩ፤ ካላዩት ላይም እጃቸውን ሰበሰቡ። ነገር ግን ሪፖርቱ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ጋዜጣ ሲሻገር ሁለተኛው ክፍል እየተረሳ መጣ። በሕዝቡ ጆሮ የደረሰው ፊርኾ ነቀርሳ የለም አሉ የሚለው ብቻ ነው። ቀዶ ጥገናውም ቀረ።

ከተስፋ ወደ ሐዘን

ፍሬዴሪክ በጁን ወር 1887 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ጁን 21 ቀን አማታቸው ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ ነጭ የጦር ልብስና የንስር ምልክት ያለበትን ራስ ቍር ለብሰው በፈረስ ላይ ሆነው በሰልፉ መካከል አለፉ። የተመለከታቸው የለንደን ሕዝብ የታመሙ ሰው ናቸው ብሎ ለማመን ይቸግረው ነበር። በዚያው ሰሞን ማኬንዚ ከእባጩ የቀረውን በአፍ በኩል አወጡት፤ ድምፃቸውም ጥቂት ተሻለ። ንግሥቲቱም በሴፕቴምበር ወር ለሐኪሙ ሰር የሚባለውን የክብር ማዕርግ ሰጡ።

ደስታው ግን አልቆየም። አልጋ ወራሹ የጀርመንን ብርድ ለመሸሽ ወደ ቲሮል ተራሮች፣ ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ሄዱ፤ በኖቬምበር መጀመሪያም በሜዲቴራንያን ባሕር ዳር በምትገኘው በሳን ሬሞ ዐረፉ። እዚያ እንደ ደረሱ ከድምፅ አውታሮቹ በታች አዲስ እብጠት ታየ። ማኬንዚ ተጠርተው መጡና ይህ ነቀርሳ ይመስላል ብለው ለሕመምተኛው በግልጥ ነገሯቸው። ከቪየና፣ ከበርሊንና ከፍራንክፈርት የመጡ ሐኪሞችም ተሰብስበው ነቀርሳ ነው ብለው ፈረዱ። ሁለት ምርጫ ቀረበላቸው፤ ማንቁርቱን በሙሉ ማስወጣት፣ ወይም ትንፋሽ ባጠራቸው ጊዜ አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ የብር ቱቦ እንዲገባ መፍቀድ። ፍሬዴሪክ ነገሩን በጸጥታ አዳምጠው የመጀመሪያውን እምቢ አሉ፤ ሁለተኛውን፣ ግድ ከሆነ፣ ተቀበሉ።

በጃንዋሪ ወር 1888 ዓ.ም. ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ ነገር ሆነ። አልጋ ወራሹ በሳል ከጉሮሯቸው የሞተ ሥጋ ቍራጭ አወጡ። ይህም ወደ ፊርኾ ተላከ፤ ፊርኾም እንደ ገና ነቀርሳ አላገኙበትም። ማኬንዚ ከዚህ ተነሥተው፣ ምናልባት በሽታው የልም አጥንቱ ሽፋን መመገል ሊሆን ይችላል ወደሚለው ሐሳብ ተመለሱ፤ ቀድሞ የተደረገው ብርቱ ትኰሳም ጉሮሮውን ጐድቶታል ሲሉ ጌርሃርትን ነቀፉ። ጀርመኖቹም በበኩላቸው፣ መልካሙን ጊዜ በከንቱ ያሳለፈው የማኬንዚ ተስፋ ነው አሉ። የጀርመን ጋዜጦች ጠቡን ከጉሮሮ ወደ ፖለቲካ አዛወሩት፤ እንግሊዛዊት ሚስት እንግሊዛዊ ሐኪም አመጣች እያሉ ልዕልት ቪክቶሪያን ወቀሱ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ እንደሚባለው፣ በሁለቱ ወገን ክርክር መካከል የሚሠቃዩት ሕመምተኛው ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን ትንፋሽ እጅግ ስላጠራቸው የቤርግማን ረዳት የነበሩት ዶክተር ብራማን አንገታቸውን በስተፊት ቀድደው ቱቦ አስገቡላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅ የሚባል ነገር አልቀረላቸውም። ትንፋሻቸው በቱቦው ይመላለሳል፤ ነገራቸው ግን በወረቀት ላይ ነበር። በማርች መጀመሪያ ላይ የሥጋ አካል አሠራር ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ቫልዳየር አክታቸውን በማይክሮስኮፕ መርምረው የነቀርሳ ምልክት አገኙ።

ዘውዱና 99 ቀኖች

ማርች 9 ቀን 1888 ዓ.ም. አረጋዊው ቪልሄልም 1ኛ ሊያርፉ ዕድሜያቸው 91 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። የሞታቸው ዜና በቴሌግራም ሳን ሬሞ ደረሰ፤ ፍሬዴሪክም የ56 ዓመት ሰው ሳሉ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በማግሥቱ ጕዞ ጀምረው በበረዶና በብርድ መካከል አልፈው ማርች 11 ቀን ሌሊት በርሊን አጠገብ ሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት ገቡ። የአባታቸው አስከሬን በታላቅ ሥርዐት ሲሸኝ፣ ልጅ ከሰልፉ ጋር ለመሄድ ዐቅም ስላጡ በመስኮት ቆመው ተመለከቱ።

በሐኪሞቹ መካከል የነበረው ጠብ በዚህም አልበረደም። ኤፕሪል 12 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ቱቦ አላስተነፍስ ስላለ ቤርግማን ተጠርተው አዲስ ቱቦ ለማግባት ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም፤ በመጨረሻም ብራማን አገቡት። ማኬንዚ ይህ ሙከራ ሥጋውን ቀድዶ ቍስል አምጥቷል ብለው ከሰሱ፤ ቤርግማንም አልተቀበሉም።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ወረቀት ያነባሉ፤ ይፈርማሉ፤ ሚኒስትሮችን ይቀበላሉ። በሜይ 24 የልጃቸው የልዑል ሃይንሪሕ ሠርግ በሻርሎተንቡርግ ሲደረግ በሙሉ ልብሰ መንግሥት ተገኙ። በጁን መጀመሪያ በመርከብ ወደ ተወለዱበት ወደ ፖትስዳሙ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ጁን 8 ቀን፣ ለውጥን በመቃወም የታወቁትን የአገር ግዛት ሚኒስትር ፎን ፑትካመርን ከሥልጣን አሰናበቱ። ከ27 ዓመት ጥበቃ በኋላ በመንግሥት ሥራ ላይ ካሳረፉት ምልክት ጐልቶ የሚታየው ይህ ነው። ከሰባት ቀን በኋላ፣ ጁን 15 ቀን 1888 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዐረፉ።

የአስከሬኑ ምርመራ በማግሥቱ በፊርኾና በቫልዳየር ተደረገ። ማንቁርቱ በነቀርሳ ፈርሶ፣ ልም አጥንቶቹም ተበልተው ተገኙ። ማኬንዚ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም 2ኛ ስለ ጠየቋቸው በጽሑፍ አስተያየታቸውን ሰጡ። በዚያም በሽታው ነቀርሳ እንደ ነበረ አመኑ፤ ምናልባትም ከሥር ጀምሮ ልም አጥንቱን ቀድሞ ስለ ነካ፣ የልም አጥንቱ መመገልና መበስበስ በሽታውን ለይቶ ለማወቅ እንቅፋት ሆነ ሲሉ አስረዱ። በዚያው ዓመት ጀርመኖቹ ሐኪሞች የየበኩላቸውን ምስክርነት በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ማኬንዚም በመጽሐፍ መለሱ። የሕመምተኛን ምሥጢር አደባባይ ማውጣታቸው ግን በገዛ አገራቸው የሙያ ማኅበር ዘንድ ነቀፌታ አመጣባቸው። በ1892 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

ዛሬ ይህን ታሪክ ስናነብ ለመፍረድ መቸኰል አይገባንም። ሬንትገን በጨረር የሰውን ውስጥ ያሳዩት በ1895 ዓ.ም.፣ ማለት ፍሬዴሪክ ከሞቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ከነቀርሳ ዓይነቶች አንዱ ላዩ እንደ ኪንታሮት ሆኖ፣ ከላይ ብቻ ተቈርጦ ሲታይ ክፉ የማይመስል መሆኑን አሜሪካዊው ሐኪም ላውረን አከርማን በሰፊው የገለጡት በ1948 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱም በሽታ ምናልባት ይህ ዓይነት እንደ ነበረ፣ ፊርኾንም ያታለላቸው ይህ እንደ ሆነ የሚያስቡ ሐኪሞች አሉ። ይህ ከሆነ ስሕተቱ የሊቁ ዓይን ሳይሆን ናሙናው ወደ ታች ጠልቆ አለመወሰዱ ነው።

ሕክምና በዚህ ረገድ ብዙ መንገድ ተጕዟል። ዛሬ የማንቁርት ሕመምተኛ በሲቲ ስካንና በኤም አር አይ ይታያል፤ ናሙናውም ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ከሥር ይወሰዳል። ቢሆንም የልም አጥንት ጥያቄ እስከ ዛሬ ሐኪሞችን ያስቸግራል። በዕድሜ ብዛት ልም አጥንት ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል፤ ለውጡም በግራና በቀኝ እኩል ላይሆን ይችላል። ሽፋኑ ሲቈጣም፣ ነቀርሳ ሲጠጋውም፣ ቀድሞ የተደረገ ቀዶ ጥገና ሲያቈስለውም መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ፎቶግራፉን ከማንበቡ በፊት ከዚህ ቀደም ቀዶ ጥገና ተደርጎ እንደ ሆነ፣ መቼና እንዴት እንደ ተደረገ ይጠይቃል። ክፉ ያልሆነ ነገር ክፉ መስሎ ይታያልና፤ ክፉውም በጠባሳ ሥር ይሸሸጋልና። ድምፁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰውም ጉንፋን ነው ብሎ ሳይተው የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሁለተኛው ትምህርት ለሕክምና ብቻ የሚሆን አይደለም። የቤርግማን ቀዶ ጥገና በሜይ 1887 ዓ.ም. ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ፍሬዴሪክን ያድናቸው ነበር ወይስ በዚያው ቀን ይገድላቸው ነበር በሚለው ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፍሬዴሪክ በሕይወት ቢቆዩ ኖሮ ጀርመን ሌላ መንገድ ትይዝ ነበር ወይ በሚለውም ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። የሆነው ግን የታወቀ ነው። በ29 ዓመታቸው የነገሡት ልጃቸው ቪልሄልም 2ኛ በ1890 ዓ.ም. ቢስማርክን አሰናበቱ፤ በ1914 ዓ.ም. አገራቸውን ወደ ታላቁ ጦርነት ይዘው ገቡ፤ በ1918 ዓ.ም. ዘውዳቸውን ጥለው ተሰደዱ።

እኛ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዓይናችን የሚያርፈው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ በፊርኾ ሪፖርት ላይ። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ሐሰት አልነበረም። ሊቁ በቍራጩ ውስጥ ነቀርሳ አላገኙም፤ ስለ ቀረው ክፍል ግን ዋስ አልሆኑም። ጕዳቱን ያመጣው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብቦ ሁለተኛውን የተወው አንባቢ ነው። ወጣቱ ሹም በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድም ይኸው ነው። መርማሪው ከአሥር መጋዘን ሁለቱን አይቶ ጕድለት አላገኘሁም ብሎ ይጽፋል፤ የበላዩ ጕድለት የለም ብሎ ያሳጥራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይፈርማል። ከሦስቱ ማንም አልዋሸም፤ እውነቱ ግን በመንገድ ላይ ጠፋ።

እንግዲህ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ያየውን ብቻ ሳይሆን ያላየውንም መጠን ይጻፍ። ሪፖርት የሚያሳጥር ሰውም ሌላውን ቃል ሁሉ ቢቀንስ፣ ይህን አንዱን ዐረፍተ ነገር እንዳይቀንስ ይጠንቀቅ። በጁን ወር 1887 ዓ.ም. በርሊን ላይ ከአንድ ወረቀት ግርጌ የተዘለለው እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ነበርና።